ግቢው በንግሥ ይሞላል፣ ሰፈሩን ግን አናውቀውም

ጥያቄ፦

«ከአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ የኮንዶሚኒየም ሰፈር እኖራለሁ። በአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ የምእመናን ተወካይ ሆኜ ከተመረጥኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ንግሥ ሲሆን ግቢው መቆሚያ ይጠፋበታል፤ በአዘቦቱ ሰንበት ግን የምናየው ሁልጊዜ ያንኑ ሰው ነው። ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር የምንነጋገረው ስለ ሕንጻው ነው፤ የብረት ዋጋ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የሚቀጥለው የገቢ ማሰባሰቢያ። ባለፈው ክረምት ከእኛ ብሎክ ትንሽ ራቅ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩ እናት አረፉ። ጉልበታቸው እንቢ ብሏቸው ደረጃ መውረድ ካቆሙ ቆይተው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን መኖራቸውን ያወቀችው ልጆቻቸው ለፍትሐት ሲመጡ ነው። ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል። በስብሰባ ሳነሳው አስተዳዳሪያችን «ስብከቱ በድምፅ ማጉያ ለሰፈሩ ሁሉ እየደረሰ ነው» አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ የቴሌግራም ቻናል እንክፈት ይላሉ። ሰፈራችን ከመሐል ከተማ ተነሥተው የመጡ፣ ተከራዮች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከድሮ ጀምሮ የነበሩ ገበሬዎች፣ ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶችም አብረው የሚኖሩበት ነው። ከየት እንጀምር? እኔስ ሴትና ተራ ምእመን ሆኜ ምን ማድረግ እችላለሁ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። እንቅልፍ የነሣዎት ነገር የሚገባ ነው፤ እንዲተውዎት አልመኝልዎትም። የምመክርዎ በመሠረቱ አንድ ነገር ነው። አጥቢያችሁ ከሰፈሩ ሰው ምንም ከመጠየቋ በፊት ሰፈሩን ቤት ለቤት ትወቀው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚሆን ነው።

መጀመሪያ ግን ስብሰባችሁ ለምን በገንዘብ ወሬ እንደሚያልቅ ልንገርዎ፤ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ እንዳይመስልዎ። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርኩ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ሲወጣ ካህኑ፣ ምእመኑና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣት አጥቢያቸውን በአንድነት እንዲመሩ ነበር የታሰበው። ስብከተ ወንጌል እንዲስፋፋ፣ የካህናት ኑሮ እንዲሻሻል፣ ምእመናን በመንፈሳዊ ሕይወት እንዲጸኑ። ብዙም ሳይቆይ በ1967 ዓ.ም. የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የቆመችበት የመሬት ገቢ ባንድ ዓመት ውስጥ ሄደ። አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ገና ያልጠናው ሰበካ ጉባኤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ የካህናቱን ደመወዝ ከምእመኑ መዋጮ መሸፈን ግድ ሆነበት፤ ሸፈነም። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን በሯ ያልተዘጋው በእናቶቻችን ሳንቲም ነው፤ ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ልማዱ ግን ከእኛ ጋር ቀረ። በብዙ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ሲባል ለሰው የሚታየው ደረሰኝ ነው። ከዓላማዎቹ ሁሉ አንዱ፣ ገንዘቡ፣ ሌሎቹን ዋጣቸው። እናንተ አሁን የምትሠሩት የተዋጡትን መልሶ ማውጣት ነው። አዲስ ነገር ፈጠራችሁ የሚል ቢመጣ ቃለ ዓዋዲውን ገልጣችሁ አሳዩት።

አሁን ወደ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 አብረን እንሂድ። ለእናንተ ሰበካ ጉባኤ ከዚህ የተሻለ ንባብ አላውቅም። ምእመናን በኢየሩሳሌም እየበዙ ሲሄዱ ማጉረምረም ተነሣ። ከውጭ አገር የመጡትና ግሪክኛ የሚናገሩት «በዕለቱ ማዕድ መበለቶቻችን ተረሱ» አሉ። ሐዋርያት «ስብከቱ ለሁሉም እየደረሰ ነው» ብለው አላለፉትም። ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስማቸውን ይመልከቱ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው፤ ኒቆላዎስ ደግሞ ወደ ይሁዲነት ገብቶ የነበረ የአንጾኪያ ሰው ነው። የተረሱትን እንዲያገለግሉ የቆሙት የተረሱትን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ሆኑ ማለት ነው። ቅዱስ ሉቃስም ወዲያው አስከትሎ የእግዚአብሔር ቃል እንደሰፋ፣ የደቀ መዛሙርቱ ቁጥር እጅግ እንደበዛ፣ ከካህናትም ብዙዎች እንዳመኑ ይጽፋል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፤ ማዕዱ ተስተካከለ፣ ከዚያ ቃሉ ሰፋ።

የእናንተ ሰበካ ጉባኤ አባላት እነማን ናቸው? ሳልገምት አልቀርም፤ የቤት ባለቤቶች፣ ደመወዝተኞችና ነጋዴዎች፣ ለግንባታው ብዙ የሰጡ ሰዎች። ክፉ ሰዎች ናቸው አላልኩም። ግን ከመካከላቸው ተከራይ አለ? ከልማት ተነሺዎቹ አንድ ሰው አለ? ቀድሞ ያንን መሬት ሲያርሱ ከኖሩት ቤተሰቦች አንድ አባወራ አለ? የሚቀጥለው ምርጫ እስኪደርስ ከእነዚህ ወገኖች ሰዎችን ወደ ንዑስ ኮሚቴዎች አስገቡ፤ ምርጫው ሲደርስ ደግሞ ይጠቆሙ። ስለ ገበሬዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። በከተማው ዳር ብዙ ቦታ የድሮው ነዋሪ የሚጸልየውና የሚያለቅሰው በአፋን ኦሮሞ ነው። ስብከቱም ቅዳሴውም በአፋን ኦሮሞ የሚሰጥባቸው አጥቢያዎች አሉ። እናንተም በቋንቋው የሚሰብክ መምህር ፈልጉ፤ በወር አንድ ሰንበት ቢሆን እንኳ ትልቅ ነገር ነው። አንዲት የሰፈሩ ባልቴት በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ወንጌል ስትሰማ ቤተ ክርስቲያኑ የእንግዶቹ ብቻ አለመሆኑን ታውቃለች።

የፋብሪካ ሠራተኞች ያሏቸው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እንደ እኔ የዘመናችን የተረሱ መበለቶች እነዚህ ልጆች ናቸው። እንደ ቦሌ ለሚ ባሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ዙሪያ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አንዲት ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው ይኖራሉ። አብዛኞቹ ሲመጡ ማተብ አንገታቸው ላይ አለ፤ በአገራቸው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ርቀው አያውቁም። እዚህ ግን ፈረቃቸው ከቅዳሴው ጋር አይገጥምም፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መርሐ ግብር ለተማሪ የተሠራ ነው፤ የሚያውቃቸው ካህን የለም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ ብዙ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ያኔ የቤት ኪራይ ያጣች ልጅ ወደ ማን ትሄድ ነበር? በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለች ልጅ የምትሄድበት ሰው ካልነበረ ዛሬ ይኑር። ሁለት ሦስት አስተዋይ እናቶችን ምረጡና ወደ ልጆቹ ቤት ይሂዱ። የሚሄዱትም የፈረቃ መውጫቸውን፣ ዕረፍታቸው የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ታሞ የተኛ እንዳለ ለመጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ ለእነሱ በሚመች ሰዓት አጭር ጉባኤ ይዘጋጅ። ሰዓቱን እነሱ ይምረጡት። በአሠሪዋ ቤት ለምትሠራ የቤት ሠራተኛም፣ ለጥበቃውም፣ ሌሊቱን ሲያሽከረክር ለሚያድር ሾፌርም ሐሳቡ አንድ ነው።

ከመሐል ከተማ ስለመጡት ደግሞ። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከሌላም ሰፈር የተነሣ ሰው ያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም። እድሩ ፈርሷል ወይም ርቋል፤ የጽዋ ማኅበሩ ተበትኗል፤ ሰንበቴው ከድሮው ደብር ጋር ቀርቷል፤ ንስሐ አባቱ በሁለት ታክሲ የሚደረስባቸው ሆነዋል። ሰው ሲሞትበት ድንኳን ከየት እንደሚያመጣ አያውቅም። ከዚህ ሰው ጋር ስትገናኙ የድሮውን ንስሐ አባቱን አትንጠቁት። ለዓመታት ምሥጢሩን የያዙለትን አባት «የአጥቢያችን አባል ከሆንክ ለውጥ» ማለት ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። ይልቅ ለየብሎኩ ተጠሪ ካህን ይመደብ። ንስሐ አባት ያለው ሰው ከአባቱ ጋር ይቆይ፤ ተጠሪው ካህን በሕመም፣ በሐዘንና በድንገት ይድረስለት፤ ንስሐ አባት የሌለው ደግሞ ያግኝ። ንስሐ አባትየው ሩቅ ከሆኑ ደውሎ «ልጅዎ ታመዋል» ማለትም የተጠሪው ካህን ሥራ ነው። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ እንዲመሠረት እርዱ፤ ኮሚናል የምንለው የጋራ መጠቀሚያ ቤት ለዚህ ይበቃል፣ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ካልመጣ አይባል።

እድር ግን ሌላ ነው። በእናንተ ሰፈር እድሩ ሙስሊሙንም ፕሮቴስታንቱንም ይይዛል፤ እንዲህ መሆኑም መልካም ነው። የአጥቢያው ሰዎች በእድሩ ይግቡበት፣ ድንኳን ይትከሉ፣ ወንበር ይሸከሙ፣ በሙስሊሙም ሐዘን ቀድመው ይገኙ። እድሩን የቤተ ክርስቲያን ቅርንጫፍ ለማድረግ አይሞከር። ጎረቤት ሆኖ መገኘት በራሱ የታዘዝነው ነገር ነው።

ስለ ድምፅ ማጉያው አስተዳዳሪዎን በክብር ይጠይቋቸው። በፎቅ ሰፈር ድምፁ ወደ ሰው መኝታ ቤት ነው የሚገባው። ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰ፣ አራስ ያለችበት ቤት፣ የሌላ እምነት ጎረቤት፣ የካንሰር ሕመምተኛ ሁሉም ይሰሙታል፤ ግን አልተጎበኙም። የማጉያው አፍ ወደ ግቢው ውስጥ ቢዞርና ቢቀነስ ማኅሌቱ አይጎድልበትም። ቴሌግራሙም ይከፈት፤ ለጉባኤና ለቅዳሴ ሰዓት ማስታወቂያ ጥሩ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አሮጊት ግን አባል አይሆኑበትም።

አሁን ወደ ሥራው። መነሻ የሚሆን መዝገብ በእጃችሁ አለ፤ ብዙ አጥቢያ ግን አያስተውለውም። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ስታነሡ የወላጅ ስም መዝግባችኋል። ጋብቻ መዝግባችኋል። ፍትሐት መዝግባችኋል። እነዚህን መዝገቦች አውጥታችሁ በብሎክ ለዩዋቸው። ባለፈው ዓመት ልጅ ክርስትና ያስነሣች እናት ከዚያ ወዲህ ማን ጠየቃት? የቀበረ ቤተሰብ ከአርባው በኋላ ማን ጎበኘው? የመጀመሪያዎቹ ቤቶቻችሁ እነዚህ ናቸው፤ ቀድሞውንም ደጃችሁን ረግጠዋልና ስትሄዱ አይደነግጡም።

ቀጥሎ ፍልሰታ አለላችሁ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በዓመቱ ሌላ ጊዜ የማይታይ ሰው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በየቀኑ ለቅዳሴ ይመጣል። አጥቢያዎች በዚህ ወቅት ለሕንጻ ማሰባሰቢያ ይሽቀዳደማሉ። ዘንድሮ ተዉት። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ይቀመጡና ስም፣ ብሎክና ቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ንስሐ አባት መኖር አለመኖሩን፣ በቤት ውስጥ መውጣት የማይችል ሰው ካለ ብቻ ይመዝግቡ። ስለ ክፍያ ምንም አይጠየቅ። የነሐሴ 16 በዓል ሲያልፍ ጉብኝቱ ይጀመር፤ አንድ ካህን፣ አንዲት እናት፣ አንድ ወጣት ሆነው። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፤ እናትየዋ ትጠይቃለች፤ ወጣቱ ይማራል። በመጀመሪያው ጉብኝት ደረሰኝ የያዘ ሰው አይግባ። ሰው በግድ ልስጥ ቢል እንኳ «በሰንበት ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ያስገቡ» ይባል። ይህን ሕግ ለማንም ብላችሁ አትሻሩ፤ ከጎደለ ጉብኝቱ ሁሉ ለገንዘብ ነበር ይባላልና።

ካህኑንና ወጣቱን አብሮ ማሰልጠን አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. ያረፉት የሸዋው ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳደጉ፣ ካህናትንም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችንም ያስተማሩ አባት ናቸው። ከዚያ ግቢ የወጡ ሰዎች ዛሬም በየደብሩ ሲያገለግሉ ያገኟቸዋል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ካህናቶቻችሁ የት ነው የሚያድሩት? በብዙ አዳዲስ አጥቢያዎች ቀዳሾቹ ኪራይ የሚቀንስበት ሩቅ ሰፈር ይኖሩና ለቅዳሴ በሌሊት ይመጣሉ። ያንን ካህን እኩለ ሌሊት ላይ ለሚያጣጥር ሕመምተኛ ልትጠሩት አትችሉም፤ ቢፈልግም አይደርስም። ደመወዙ ለኪራይ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሌላ እንጀራ ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ ከአጥሩ ማሳመሪያና ከሕንጻው ጌጥ በፊት ለሁለት ለሦስት ካህናት በሰፈሩ ውስጥ ቤት ተከራዩ፣ ከተቻለም ሥሩ። ይህ በስብሰባ ላይ የሚከብድ ሐሳብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለጉልላት የሚሰጥ ሰው ለካህን ኪራይ አይሰጥም የሚል ይነሣል። ሰዎቹን ይጠይቋቸው እንጂ አይገምቱላቸው። ስሙን የሚያስጽፍ ለጋሽ ቢጠፋ እንኳ «በታመምኩ ጊዜ የሚደርስልኝ ካህን» ሲባል ብዙ ምእመን ይሰጣል።

ገንዘቡ በግልጽ ይነበብ። በየሩብ ዓመቱ የገባና የወጣ ከዐውደ ምሕረት ይነገር፣ በማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ፤ ኦዲቱ በወቅቱ ይደረግ። ከወር ገቢያችሁም አንድ ዐሥረኛውን ለተቸገሩ ለዩ። ከምእመኑ ዐሥራት የምትቀበል አጥቢያ ራሷ ዐሥራት ብታወጣ ማን ይቃወማል? ከዚህ ላይ ለሕክምና፣ ለኪራይ፣ ለደብተር የሚውል ይኖራል።

ሴትና ተራ ምእመን ሆኜ ምን ማድረግ እችላለሁ ላሉት፤ የምእመናን ተወካይነት በቃለ ዓዋዲ የተሰጠ ድምፅ ነው፣ በውለታ የተቸረዎ አይደለም። ጉብኝቱ ደግሞ ያለ ሴቶች አይሆንም፤ አራስ ቤት፣ የልጃገረዶቹ ክፍል፣ ባሏ የሞተባት ቤት ቀድሞ የሚከፈተው ለእናንተ ነው። አስተዳዳሪውን ግን በጉባኤ ፊት አይሞግቷቸው። በአጥቢያው የሚከበሩ አንድ አረጋዊ ካህን ይዘው ከቅዳሴ በኋላ ወደ እሳቸው ይሂዱ፤ መስቀል ይሳለሙ፤ ስለ እኒያ እናት ለእኔ እንደጻፉልኝ ይንገሯቸው። «አባታችን፣ ሁለት ብሎክ ብቻ ይፍቀዱልን፤ የመጀመሪያውን ቤት እርስዎ ባርከው ያስጀምሩን» ይበሏቸው። ከባድ አስተዳደር የተሸከሙ አባት ናቸውና ትልቅ ዕቅድ ቢያቀርቡላቸው ሌላ ሸክም ይመስላቸዋል፤ ሁለት ብሎክ ግን አይከብድም። አብረው ገብተው አንድ የታመመ ሰው ካዩ የእርስዎ ክርክር አያስፈልግም። ከፈቀዱ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ካልፈቀዱ ከጀርባቸው ቡድን አያቋቁሙ፤ የራስዎን ብሎክ እንደ ጎረቤት መጠየቅ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ያንን ዛሬ ይጀምሩና በሚቀጥለው ስብሰባ ያገኙትን ይንገሩ። የስብሰባው አጀንዳም ይለወጥ፤ መጀመሪያ የታመሙ፣ ያረፉ፣ የወለዱ፣ አዲስ የገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሕንጻው። ቅደም ተከተሉን ማስለወጥ ገንዘብ አይፈጅም፤ ጸሐፊው አጀንዳ ሲያዘጋጁ ያነጋግሯቸው።

በመጨረሻ ስለ መዝገቡ። በጉብኝት የምትሰሙት ብዙ ነው፤ የቤት ጠብ፣ በሽታ፣ ዕዳ፣ ልጁ የት እንደገባ የማያውቅ አባት። ይህ በስብሰባ አይነበብ፣ ከዐውደ ምሕረት ስም ተጠርቶ ርዳታ አይጠየቅበት፣ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም አይለቀቅ። ለሰበካ ጉባኤው የሚቀርበው ስንት ቤት እንደተጎበኘና ምን ዓይነት ችግር እንደበዛ ነው። ዝርዝሩ ያለበት ደብተር በአንድ በታመኑ ካህን እጅ ይሁን፤ የሚመዘግቡት ወጣቶችም ከመሠማራታቸው በፊት ይህን በደንብ ይነገሩ።